ድንገት ሲጥላችሁና ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቀር፦ ለወጣቶችና አብረዋቸው ለሚኖሩ

በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ድንገት ወድቆ ሲንቀጠቀጥ ቤቱ ይታመሳል። ሐኪም ቤት ይኬዳል። ደም ይመረመራል፣ ጭንቅላት ይነሳል፣ ብዙ ብር ይወጣል። በመጨረሻ ሐኪሙ «የተለየ ነገር አላየንም» ይላል። ይህን መልስ ይዞ ወደ ቤት መመለስ ያስጨንቃል። ከዚያ ቤተሰቡ ምክንያት ፍለጋ ይወጣል፤ ዓይን ነው፣ መተት ነው፣ ጭንቀት ነው ይባባላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ በሚሆኑት ላይ መንስኤው አይታወቅም። ይኸው ድርጅት በትክክል ተመርምረው ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር እንደሚችሉ ይናገራል። ሁለቱን አንድ ላይ ስታነቧቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። መንስኤው ሳይገኝም ሕክምናው ይሠራል። ስለዚህ «ለምን?» የሚለው እስኪመለስ ሕይወታችሁን አታቁሙ።

ይህን የምጽፈው እንደ ታላቅ እህት ነው። ታናሽ ወንድሜን የጀመረው ዩኒቨርሲቲ እያለ ነው። መድኃኒት መምረጥና መጠኑን መወሰን የሐኪም ሥራ ነው፤ የቀረው ግን አብዛኛው በእጃችን ያለ ነገር ነው።

መጀመሪያ፦ አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው አሠልጥኑ

በሚጥላችሁ ሰዓት ራሳችሁን መርዳት አትችሉም። አብዛኛውን ጊዜ የሆነውን እንኳ አታስታውሱም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከአጠገባችሁ ካለው ሰው ነው። ዛሬ ማታ የዶርም ጓደኞቻችሁን ወይም ቤተሰቡን ሰብስቡና ይህን ንገሯቸው፦

- ሰዓት ተመልከቱ። ሲጀምር ስንት ሰዓት ነበር? ይህ ከሁሉም ይቀድማል።
- እሳት፣ መኪና መንገድ ወይም ደረጃ አጠገብ ካልወደቀ በቀር ከቦታው አታንሱት። በዙሪያው ያለውን ጠንካራና ስለታም ነገር አርቁ።
- ጭንቅላቱ ሥር ጃኬት ወይም ጋቢ አጥፋችሁ አድርጉ። መነጽር አውልቁለት። አንገቱ ላይ የተጠመጠመ ነጠላ ወይም ሻርፕ ካለ ፍቱት።
- እጅና እግሩን ጨምቃችሁ አትያዙ። በጉልበት የቆመ መንቀጥቀጥ የለም፤ ትከሻ ግን ይወልቃል።
- አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ማንኪያ አይገባም፣ ጣትም አይገባም። ምላስ አይዋጥም። ጥርስ ግን ይሰበራል፣ ጣትም ይነከሳል።
- እንደቻላችሁ በጎኑ አስተኙት፤ ምራቁ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ትንፋሹም ይከፈታል።
- በደንብ ነቅቶ ስሙን እስኪናገር ድረስ ውሃ፣ ምግብም ሆነ ክኒን አትስጡት። ብቻውን ትታችሁት አትሂዱ።

ስለ ክብሪት ለየት አድርጌ ልናገር። ክብሪት ጭሮ ማሽተት አገሩን ያዳረሰ ልማድ ነው። የሚጠቅመው ነገር የለም። ብዙውን ጊዜ መንቀጥቀጡ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል። ክብሪቱም የሚጫረው በዚያው ደቂቃ ነው። እናም ያዳነው ክብሪቱ ይመስላል። ጎረቤት ያሉ እናቶች ክብሪት ይዘው ሲመጡ በፍቅር ነው፤ አትቆጧቸው። «እማማ፣ እርስዎ ሰዓት ይያዙልኝ» በሏቸው። ሥራ ሲሰጣቸው ክብሪቱን ያስቀምጡታል።

ሌላው አረፋው ነው። የሚጥል በሽታ በምራቅ፣ በአረፋም ሆነ በትንፋሽ አይተላለፍም። በዚህ ፍርሃት ብቻ እሳት ላይ የወደቀን ሰው ለማንሳት ያመነቱ አሉ። ይህን በተለይ ለጎረቤት ደጋግማችሁ ንገሩ።

ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ያለባችሁ መቼ ነው? ከአምስት ደቂቃ ካለፈ። ወይም አንዱ ቆሞ ሳይነቃ ሌላው ከተከተለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የጣለው ሰው ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የስኳር ታማሚ ከሆነች፣ ውሃ ውስጥ ከሆነ፣ ጭንቅላቱን ክፉኛ ከተመታ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ካለው፣ ትንፋሹ ካልተመለሰም እንዲሁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ካልተገኘ ያገኛችሁትን መኪና አስቁሙ፤ በጎኑ እንደተኛ ይሂድ።

ቀጥሎ፦ ደብተርና ስልክ

ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ሲጥላችሁ አያያችሁም። የሚያየው ደህና ሆናችሁ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ነው። ስለዚህ ምርመራውን የሚመራው ካየው ሰው የሚሰማው ወሬ ነው። «ወደቀ፣ ተንቀጠቀጠ» ብቻ ከተባለ ብዙ ነገር ይጠፋል። እኛ ቤት ከተጻፉት አንዱ እንዲህ ይላል፦

«ማክሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ። ሌሊቱን ለፈተና ሲያጠና አድሯል። ቁርስ አልበላም። ሲኒውን ሲያነሳ እጁ ሁለት ጊዜ ዘለለ፣ ቡናው ፈሰሰ። ከዚያ ጮኸና ወደ ኋላ ወደቀ። ዓይኑ ክፍት ነበር። መጀመሪያ ደረቀ፣ ከዚያ ሁለቱም እጆቹና እግሮቹ ተንቀጠቀጡ። ሁለት ደቂቃ ይሆናል። ሽንት አመለጠው። የምላሱ ጎን ተነክሷል። ከነቃ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል የት እንዳለ አላወቀም።»

እዚህ ውስጥ ለሐኪሙ ከሁሉም በላይ የጠቀመው የሲኒው ነገር ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደነቁ እጅ እየዘለለ ዕቃ መጣል፣ በተለይ እንቅልፍ ሳይተኙ ካደሩ በኋላ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚጀምር የታወቀ ዓይነት የሚጥል በሽታ ምልክት ነው። ብዙ ወጣት ድካም ነው ብሎ አያወራውም። ሐኪሙ ካላወቀ ደግሞ የተሳሳተ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል፤ ለምሳሌ ካርባማዜፒን የሚባለው ለሌላ ዓይነት ጥሩ ሆኖ ይህን ዓይነቱን ሊያባብሰው ይችላል።

ሳትወድቁ የሚመጡትንም ጻፉ። ከሆድ ተነስቶ ወደ ጉሮሮ የሚወጣ ስሜት፣ የሌለ ሽታ መሽተት፣ «ይህን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ» የሚል ድንገተኛ ስሜት፣ ለጥቂት ሰከንድ ማፍጠጥና ሲጠሩ አለመመለስ፣ አፍን ማላመጥ፣ ልብስን መነካካት። እነዚህም ከአንጎል አንድ ክፍል የሚነሱ የዚሁ በሽታ መልኮች ሊሆኑ ይችላሉ። የት እንደጀመረ፣ በየትኛው እጅ እንደጀመረ መያዝ ምርመራውን ያሳጥራል።

ከደብተር የሚበልጠው ቪዲዮ ነው። ለቤተሰብ አስቀድማችሁ ፈቃድ ስጡ። አንዱ ሲረዳ ሌላው ይቅረጽ። ፊቱና ዓይኑ፣ ከዚያም መላ አካሉ ይታይ። ስሙን እየጠሩ ይመልስ እንደሆነ ይሞክሩ። እስኪነቃ ድረስ አያቋርጡ። ቪዲዮው ለሐኪም ብቻ ነው፤ ቴሌግራምም ቲክቶክም ላይ አይወጣም።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ

የግድ አዲስ አበባ መምጣት የለባችሁም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረው የአእምሮ ጤና ፕሮግራም ውስጥ የሚጥል በሽታም አለበት። ኢትዮጵያም ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ናት። በዚህ መንገድ የሠለጠኑ ባለሙያዎች በብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች አሉ። ክትትሉ ብዙ ቦታ የሚሰጠው በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው፤ አዲስ አበባም አማኑኤል ሆስፒታል የሚታከሙ ብዙ ናቸው። በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አይታችሁ «እብድ ተባልኩ» ብላችሁ አትመለሱ። ውስብስብ ከሆነ ደግሞ እንደ ጥቁር አንበሳ ያሉ የነርቭ ሐኪም ያለባቸው ሆስፒታሎች ሪፈር ይጻፍላችኋል።

ስትገቡ ያየ ሰው ይዛችሁ ግቡ። የመጀመሪያው ጥያቄ «በእርግጥ የሚጥል በሽታ ነው ወይ?» መሆን አለበት። ተዝለፍልፎ መውደቅ ከዚህ ጋር ይምታታል፤ ቆሞ፣ ደም አይቶ ወይም ሞቆት የወደቀ ሰውም ትንሽ ሊንዘፈዘፍ ይችላል፤ እሱ ግን ቶሎ ይነቃል። እየሮጣችሁ ወይም ስፖርት እየሠራችሁ ከወደቃችሁ፣ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ የልብ ምርመራ ጠይቁ። የልብን የኤሌክትሪክ ሥራ የሚመዘግበው ኢ.ሲ.ጂ ቀላል ምርመራ ነው። የስኳር መጠንም ይለካ።

የማይጠየቅና የማይነገር ነገርም አለ። አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው መጠጡን በድንገት ሲያቆም ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ትራማዶል በወጣቶች ዘንድ እየተለመደ ነው፤ እሱም ይጥላል። ሐኪሙ ሊቀጣችሁ አይደለም የሚጠይቀው። ቤተሰብ አጠገባችሁ ካለ «ለብቻዬ ላናግርዎ» በሉት። እናታችሁንም ጠይቁ፦ ስትወለዱ ምጡ ከባድ ነበር? በልጅነት ማጅራት ገትር ወይም ራስን የሚያስት ወባ ይዟችሁ ነበር? ከዛፍ ወይም ከመኪና ወድቃችሁ ራሳችሁን ስታችሁ ታውቃላችሁ? የጠፋው ምክንያት አንዳንድ ጊዜ እዚያ ይገኛል።

ኢ.ኢ.ጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሥራ የሚመዘግብ ምርመራ) ከታዘዘላችሁ ጸጉራችሁን ታጥባችሁ ሂዱ። ቅቤና ዘይት አይቀባ። ሹሩባ ከተሠራችሁ ፍቱት፤ ሽቦዎቹ የራስ ቅል ቆዳን መንካት አለባቸው። መድኃኒት ከጀመራችሁ ሐኪሙ ካላዘዘ አታቁሙ። አንዳንዴ ሌሊቱን ሳትተኙ ኑ ይላሉ፤ እንቅልፍ ያጣ አንጎል ምልክቱን ቶሎ ስለሚያሳይ ነው። የዚያን ዕለት ሰው ይዟችሁ ይሂድ። ውጤቱ ንጹህ ከሆነ «በሽታው የለባችሁም» ማለት አይደለም። መሣሪያው ያየው የዚያችን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

አንድ ነገር በጥንቃቄ ልንገራችሁ። ሲጥል የሚመስል፣ ግን ከአንጎል የኤሌክትሪክ መዛባት ያልመጣ መንቀጥቀጥ አለ። ዓይን ተጨፍኖ ረጅም ደቂቃ የሚቆይ፣ ሄድ መለስ የሚል ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ከከባድ ጭንቀት ወይም ካለፈ ጉዳት ጋር ይያያዛል። ይህ ማስመሰል አይደለም። ሰውየው አይቆጣጠረውም። ሕክምናው ግን የሚጥል በሽታ ክኒን ሳይሆን የንግግር ሕክምና ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። ሐኪም ይህን ሲላችሁ እንደ ስድብ አትውሰዱት። ቤተሰብም «አውቆ ነው» ብሎ አይፍረድ።

መድኃኒት ከተጀመረ

ዓላማው አንድ ነው፦ እንዳይጥላችሁ። በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ከስልክ ማንቂያ ጋር አያይዙት። በአገራችን የሚታወቁት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ቫልፕሮኤት ናቸው፤ ላሞትሪጅንና ሌቬቲራሴታምም አሉ። ሐኪሙ የሚመርጠው እንደ ዓይነቱ ነው፤ ለጓደኛችሁ የሠራ ለእናንተ ላይሠራ ይችላል።

በራሳችሁ አታቁሙ። «ሦስት ወር አልጣለኝም፣ ዳንኩ» ብሎ መተው ብዙ ሰው አልጋ ላይ ጥሏል። በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት የማይቆም መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል፤ እሱ ደግሞ ይገድላል። አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሞች ማቆምን የሚያስቡት ሁለት ዓመት ያህል ሳይጥል ከቆየ በኋላ ነው፤ ያም ቀስ በቀስ። መድኃኒት ከገበያ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ ጨርሳችሁ አትሂዱ። የሳምንት ሲቀራችሁ አስሞሉ።

ከጀመራችሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውነታችሁ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ በተለይ አፍና ዓይን ከቆሰለ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ። የዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ሂዱ።

ለሴቶች የሚመለከት ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ሳይነገራቸው ይቀራል። ቫልፕሮኤት በእርግዝና ጊዜ ፅንሱን ይጎዳል። ልትወልዱ የምትችሉበት ዕድሜ ላይ ካላችሁ ሌላ አማራጭ መኖሩን ጠይቁ። ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ደግሞ የእርግዝና መከላከያ ክኒንንና በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማሉ፤ ሳታስቡት ልታረግዙ ትችላላችሁ። ካረገዛችሁም መድኃኒቱን ወርውራችሁ አትተዉ፤ ሮጣችሁ ሐኪማችሁን አናግሩ። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ብዙ እናቶች ጤነኛ ልጅ ወልደዋል።

እሳት፣ ውሃ፣ ከፍታ

ሰውን የሚጎዳው መንቀጥቀጡ ብቻ አይደለም፤ የወደቀበት ቦታም ጭምር ነው። ቤታችን ውስጥ እሳቱ መሬት ላይ ነው። ጉልቻው፣ የከሰል ምድጃው፣ የጀበናው ፍም። እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን ነው። እንጀራ መጋገር፣ ወጥ መሥራት ሰው ባለበት ይሁን። ከተቻለ ምድጃው ከፍ ብሎ ግድግዳ አጠገብ ይቀመጥ። የፈላ ድስት ይዛችሁ አትዙሩ፤ ሳህኑን ወደ ድስቱ አምጡት።

የመታጠቢያ ቤት በር ከውስጥ አትቆልፉ፤ «ሰው አለ» የሚል ወረቀት ስቀሉ። ቆማችሁ ከምትታጠቡ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ገንዳ ውስጥ ብቻችሁን አትግቡ። ወንዝና ሐይቅ ሰው ሳይኖር አይታሰብም። የዶርም አልጋችሁ የላይኛው ከሆነ ታች ያለውን ለምኑ።

ባጃጅ፣ ሞተር፣ መኪና መንዳት፣ ስካፎልድ ላይ መውጣት እስኪረጋጋ ይቆይ። መንዳት እንጀራው ለሆነ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን አደጋው የእናንተ ብቻ አይደለም።

እንቅልፍ፣ ጾም፣ ጫት

እንቅልፍ ማጣት ከታወቁት ቀስቃሾች ግንባር ቀደሙ ነው። ለፈተና ሌሊቱን ማንጋት፣ የሠርግ ሰሞን፣ የሌሊት ፈረቃ። ጫት ቅሞ በምርቃና ማደር፣ ከዚያ ለጨብሲ መጠጣት ደግሞ እንቅልፍ ማጣትንና መጠጥን በአንድ ሌሊት ያገናኛል። ትምህርት ቤት ላላችሁ ምክሬ ይህ ነው፦ ጥናቱን ቀን አድርጉት፤ በፈተና ሰሞንም ቢሆን ተኙ።

ጾም የምትጾሙ ከሆነ ከመጀመሩ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት በረመዳን ከአፍጥርና ከሱሁር ጋር ሊገጣጠም ይችላል። የጠዋት ክኒን ያላችሁ ኦርቶዶክሶች ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ የታመመ ሰው መድኃኒቱን እንዳይተው የሚመክሩ አባቶች ብዙ ናቸው።

ጠበልም እንዲሁ ነው። እምነታችሁ ከሆነ ሂዱ፤ ክኒኑን ግን ይዛችሁ ሂዱ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ አስተምረዋል። ለዚህም ያው ነው። ጠበል ቦታ ላይ ማንም መድኃኒታችሁን እንዳይቀማችሁ አስቀድማችሁ አስታማሚያችሁን አስጠንቅቁ።

ለማን ልናገር?

ለሁሉም መናገር የለባችሁም። ለሦስት ሰው ግን ግድ ነው፦ አብሯችሁ ለሚያድር፣ አጠገባችሁ ለሚሠራ ወይም ለሚማር፣ ልታገቡት ላሰባችሁት። ሌላው የእናንተ ውሳኔ ነው። ለመናገር ስትፈሩ ይህን አስታውሱ፦ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት የቡታጅራ ጥናት ከ1000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አግኝተዋል። በዚያ ሒሳብ 10,000 ተማሪ ባለበት ግቢ 50 ሰው ይሆናል። ብቻችሁን አይደላችሁም፤ ሌሎቹም እንደ እናንተው ደብቀውታል። አዲስ አበባ ውስጥ ኬር ኢፒለፕሲ ኢትዮጵያ የተባለ ድርጅት በዚሁ ጉዳይ ላይ ይሠራል።

ቦርሳችሁ ውስጥ አንድ ካርድ ይኑር። «የሚጥል በሽታ አለብኝ። በጎኔ አስተኙኝ። አፌ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ። የምወስደው መድኃኒት ይህ ነው። ለዚህ ስልክ ደውሉ።» ይኸው ይበቃል።

ወደ ውጭ የምትሄዱ፣ በተለይ ወደ ዓረብ አገር፣ ፌኖባርቢታል በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት መሆኑን እወቁ። በፌስታል ጠቅልላችሁ አትውሰዱት። ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ማዘዣና ደብዳቤ ጋር ይሁን። የምትሄዱበት አገር ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነም አስቀድማችሁ አጣሩ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የታናሽ ልጃችሁን አፍ አትዋሱ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ።

ለእናንተ ዓይነት የሚስማሙ ሁለት መድኃኒቶች በትክክለኛ መጠን፣ ሳይቋረጡ ተወስደው መጣሉ ካልቆመ፣ ሦስተኛውን ዝም ብላችሁ ከመቀበላችሁ በፊት የነርቭ ስፔሻሊስት እንዲያያችሁ ሪፈር ጠይቁ። ስትሄዱ የድሮውን የኢ.ኢ.ጂ ወረቀት፣ የኤም አር አይ ፊልሙን፣ የመድኃኒቶቹን ባዶ ፓኬት፣ ደብተሩንና ቪዲዮውን ይዛችሁ ሂዱ።